ከአገር የወጣንበት ዓመት፤ የኤች አይ ቪ ሕክምና በአዲስ አበባና በላስ ቬጋስ

ከአገሩ የወጣ ሰው የአገሩን ነገር የሚያውቀው በወጣበት ቀን ልክ ነው። አንዱ ዶላር በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ይመነዘር የነበረበትን ዘመን ያነሣል፤ ሌላው የፈረሰ ሰፈሩን አሁንም እንዳለ አድርጎ ይተርካል፤ ሦስተኛው ካረፉ ዐሥር ዓመት ያለፋቸውን አዛውንት ደህና ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። በጨዋታ መካከል ሲሆን ይህ ያስቃል። ስለ ሕመምና ስለ መድኃኒት ሲሆን ግን ሰው ይገድላል። በምኖርበት በላስ ቬጋስ ከተማ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖቻችን የቀረበላቸውን የሕክምና ምርጫ ለመረዳት ሲቸገሩ ሳይ፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚያግዳቸው ይህ የቆመ ሰዓት ሆኖ አገኘዋለሁ። እያንዳንዱ ስለ በሽታው የሚያውቀው ቦሌ ላይ አውሮፕላን በተሳፈረበት ዓመት ይታወቅ የነበረውን ነው።

በሙያዬ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ፤ ከመሰደዴ በፊት ደግሞ በአዲስ አበባ በአንድ መድኃኒት ቤት ሠርቻለሁ። ምስጢር ለመጠበቅ የገባሁት ቃል ስላለ የማንንም ታካሚ ታሪክ እዚህ አላነሣም። የማነሣው የመድኃኒቱን ታሪክ ነው፤ እሱ የሁላችንም ነው። ዓመቶቹንም ለአንባቢ እንዲመች በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በኢትዮጵያ ቫይረሱ በደም ናሙና ውስጥ የተገኘው ከ1984 ጀምሮ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ያን ጊዜ በዓለም ላይ አንድም መድኃኒት አልነበረም። ኤዜቲ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1987 ቢሆንም፣ ብቻውን ሲወሰድ ቫይረሱ ጥቂት ጊዜ ተደቁሶ መልሶ የሚያንሠራራ ሆነ። ስለዚህ በየግድግዳው የተለጠፈው፣ በየሬዲዮው የተነገረው ‹‹ኤድስ መድኃኒት የለውም›› የሚለው ቃል በዘመኑ እውነት ነበር። የለቅሶ ማስታወቂያዎች ‹‹ባደረበት ሕመም›› ብለው ያልፉ ነበር፤ ሰሚውም ተረድቶ ዝም ይል ነበር። በሰው ጎን ላይ አልማዝ ባለጭራ የወጣ እንደሆነ ጎረቤት ፍርዱን ለመስጠት የሐኪም ወረቀት አይጠብቅም ነበር። ይህን ይዘው የወጡ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ሰው ዛሬም ጎኑ ላይ ያ ውርጭርጭ ሲወጣበት ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይልቅ በር ዘግቶ መቀመጥን ይመርጣል።

ላስ ቬጋስ ወገኖቻችንን የሳበችው ትልልቆቹ ሆቴሎች በተከታታይ በተሠሩበት ዘመን ነው። ሚራዥ በ1989፣ ኤም ጂ ኤም ግራንድ በ1993፣ ቤላጂዮ በ1998 ተከፈቱ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የገቢ ግብር አያስከፍልም፤ ታክሲ መንዳት፣ መኪና ማቆም፣ ክፍል ማጽዳት፣ በቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርታ ማደል ብዙ እንግሊዝኛ ሳይጠይቅ እንጀራ ያበላል። ከዋሽንግተንና ከሎስ አንጀለስ እየለቀቀ የመጣው ሰው ቁጥሩ በዝቶ፣ ዛሬ ካውንቲው ራሱ ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› ብሎ የሰየመው ሰፈር አለን። ማንም ያላስተዋለው ነገር ቢኖር ይህች ከተማ ከእኛ ቀድማ ከበሽታው ጋር መተዋወቋ ነው። ‹‹ኤድ ፎር ኤድስ ኦቭ ኔቫዳ›› የተባለው የረድኤት ማኅበር የተቋቋመው በ1984፣ በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ በታየበት በዚያው ዓመት ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተለወጠው በ1996 ነው። ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ የፕሮቲዬዝ መድኃኒቶች ወጡ፤ ሦስት መድኃኒት በአንድነት ሲሰጥ ቫይረሱ መባዛቱን ያቆማል የሚለው ግኝት በሐምሌ 1996 በቫንኩቨሩ ጉባኤ ለዓለም ተነገረ። ከዚያ ዓመት በኋላ በላስ ቬጋስ ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ተነሥቶ ወደ ሥራው ሲመለስ በአዲስ አበባ ሞቱ ቀጠለ። ልዩነቱ የገንዘብ ነበር። የሦስቱ መድኃኒት ዋጋ በዓመት ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር ይደርስ ነበር። በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ያንኑ ሕክምና በዓመት በ350 ዶላር እሸጣለሁ ባለ ጊዜ የጠፋው የዕውቀት ጉዳይ አለመሆኑ ተገለጠ። አምስት ዓመት ያለፈው በዋጋ ክርክር ነው። በእነዚያ ዓመታት ዘመድ ያለው ከአሜሪካና ከአውሮፓ በሻንጣ ያስመጣ ነበር፤ የመጣው ሲያልቅ ደግሞ መድኃኒቱም ይቆማል። ያ መቆራረጥ ምን እንዳስከተለ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በሕጋዊ መንገድ መሰጠት የጀመረው በ2003፣ በእኛ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በክፍያ። የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ከቀዳሚዎቹ ነበር። መክፈል ያልቻለ ከቀበሌው የድህነት ማስረጃ ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱን ለመጠየቅ ደግሞ ለቀበሌ ጸሐፊ ሕመምን መናዘዝ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው የሰፈር ልጅ ነው። መድኃኒት ቤት ቆሜ የአንድ ሰው ብቻ ከፍለው ለባልና ለሚስት ሊያካፍሉ የሚያስቡ ሰዎች ጠይቀውኛል። በነጻ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም.፣ ማለት በ2005 መጀመሪያ ነው። ገንዘቡ የመጣው ከግሎባል ፈንድና ፔፕፋር ከሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መርሐ ግብር ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከትልልቅ ሆስፒታሎች አልፎ እስከ ጤና ጣቢያ ወረደ። በዘመናችን ከታዩት የኢትዮጵያ የጤና ሥራዎች ሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ፤ የመንግሥት ወዳጅ ሆኜ አይደለም፤ መቃብር የወረደውንም የተረፈውንም ስላየሁ ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን እንክብል የዛሬው አልነበረም። በብዛት የታደለው ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን በአንድነት ነበር። ስታቩዲን ሲቆይ የጉንጭን ሥብ ያመነምናል፤ እግርን እንደ እሳት ያቃጥላል። ጉንጩ የገባ ሰው በታክሲ ውስጥ ሲታይ ‹‹መድኃኒቱን ጀምሯል›› ይባል ነበር፤ ከሞት ያዳነው መድኃኒት ፊቱ ላይ ጽፎ አጋለጠው። ኔቪራፒን በአንዳንዱ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ጉበትን ይጎዳል። ኢፋቪሬንዝ ሌሊቱን በቅዠት ይሞላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ስታቩዲን እንዲቀር የመከረው በ2009 ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ስደተኛ ‹‹መድኃኒቱ ከበሽታው ይብሳል›› ቢል ዐይኑ ያየውን መናገሩ ነው። የሚናገረው ግን ዛሬ ማንም ስለማያዝዘው መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ቅርስ ‹‹ሲዲ ፎሬ ገና ጥሩ ነው›› የሚለው ነው። በ2003 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሲዲ ፎር የተባለው የመከላከያ ሕዋስ ከ200 በታች ሲወርድ መድኃኒት ይጀመር ይል ነበር። በ2010 ወሰኑ 350 ሆነ፤ በ2013 500። በ2015 ወሰኑ ጨርሶ ተነሣ፤ ‹‹ስታርት›› የተባለው ታላቅ ጥናት ሳይታመሙ ወዲያው የጀመሩት ከዘገዩት ይልቅ ከከባድ ሕመምና ከሞት እንደሚጠበቁ ስላሳየ፣ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምር ተባለ፤ ኢትዮጵያም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች። መሥመሩ የተዘረጋው መጀመሪያ በዕውቀትም በመድኃኒት እጥረትም ምክንያት ነበር፤ ጥቂት መድኃኒት ሲኖር ለሚሞተው ይቅደም። በነገራችን ላይ፣ በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሠራው የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጤነኛው ኢትዮጵያዊ እንኳ ሲዲ ፎሩ ከኔዘርላንድሱ ሰው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቶ ነበር። በዚያ ቁጥር ላይ ተደግፎ መጠበቅ ድሮም ለእኛ የማይመች ነገር ነበር ማለት ነው። ሆኖም በላስ ቬጋስ ‹‹ቁጥሬ ሲወርድ እጀምራለሁ›› እያለ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ሦስተኛው የእንጦጦ ጉዳይ ነው። በጸበል ተፈውሰሃልና መድኃኒቱን ጣል የተባሉ ብዙዎች ጥለው ሞተዋል። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ በፊት የተሰደደ ምእመን ግን ይህን ላይሰማ ይችላል። ጸበል በፕላስቲክ እየተሞላ ኔቫዳ ድረስ ይመጣል፤ የፓትርያርኩ ቃል አብሮት አልመጣም።

አሁን ስለ ድንበሩ ልናገር። ዩናይትድ ስቴትስ ቫይረሱ ያለበት የውጭ ዜጋ እንዳይገባ ከ1987 ጀምሮ ከልክላ፣ በ1993 በሕግ አጸናችው። የዲቪ ዕጣ የደረሰው ሁሉ በአዲስ አበባ ኤምባሲው በመረጣቸው ሐኪሞች ዘንድ ደም መስጠት ነበረበት። ውጤቱ ያላማረ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ ዕጣው ይቃጠልበታል፤ ብዙ ሰው መታመሙን ያወቀው በዚያች ቀን፣ ሕይወቱ ይቃናል ብሎ በጠበቃት ቀን ነበር። ክልከላው የተነሣው ጥር 4 ቀን 2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ኤች አይ ቪ ቪዛም ሆነ ጥገኝነት አያስከለክልም፤ ምርመራውም ከቪዛው ሕክምና ወጥቷል።

ያ ሕግ ሞቶም ሁለት ልማድ ትቶብን ሄደ። አንደኛው ‹‹በዲቪ የመጣ ንጹሕ ነው›› የሚለው እምነት ነው፤ ጋብቻ ሲታሰብ እንኳ የመግቢያው ምርመራ እንደ ዘላለም ማስረጃ ይቆጠራል። የ1999 ደም የ1999 ደም ነው። ሁለተኛው ወረቀትን ማጥፋት ነው። በአዲስ አበባ መድኃኒት ሲወስድ የኖረ ሰው ከመሳፈሩ በፊት የክትትል ካርዱን ይቀዳል፤ እንክብሉን ከመጠቅለያው አውጥቶ በቫይታሚን ጠርሙስ ይገለብጣል። ላስ ቬጋስ ደርሶ ሐኪሙ ‹‹ከዚህ በፊት ምን ወስደሃል?›› ሲለው የሚመልሰው የለውም። ከናካቴው ‹‹ወስጄ አላውቅም›› የሚልም አለ።

ይህ ጥያቄ ለወግ የሚጠየቅ አይደለም። ቫይረሱ መድኃኒት በተቆራረጠበት ጊዜ ያንን መድኃኒት መቋቋም ይማራል፤ የተማረውንም በሕዋስ ውስጥ ቀብሮ ይይዘዋል። በ2004 ኔቪራፒን ወይም ኢፋቪሬንዝ ሲያገኝ እየዋጠ ሲያጣ እያቆመ የኖረ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከዚያው ወገን የሆነ መድኃኒት ቢሰጠው ላይሠራለት ይችላል። ሰውየው ዓመቱን ቢረሳም ደሙ አይረሳም።

በዛሬዪቱ ላስ ቬጋስ ምርጫው ምንድን ነው? አብዛኛው ታካሚ የሚጀምረው በቀን አንድ ጊዜ በሚዋጥ አንድ እንክብል ነው፤ ዋናው ንጥረ ነገር ዶሉቴግራቪር ወይም ቢክቴግራቪር የተባለው ነው። ዶሉቴግራቪር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2013 ሲሆን፣ በ2010ዎቹ ማብቂያ በኢትዮጵያም ከቴኖፎቪርና ከላሚቩዲን ጋር በአንድ እንክብል ተደርጎ ዋና መድኃኒት ሆኗል። እንግዲህ ትናንት ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው መድኃኒት በሀብታሙ አገር ከሚታዘዘው ጋር አንድ ዘር ነው። ሠላሳ ዓመት እዚህ ከኖረው ይልቅ አዲሱ መጪ ስለ በሽታው የተሻለ ሲያውቅ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ነባሩም ሲሰማ አያምንም።

ሁለቱም መድኃኒቶች ከምግብ ጋር ወይም ያለ ምግብ ይዋጣሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በዐቢይ ጾም ሰዓቱን መለወጥ አያስፈልገውም። ሪልፒቪሪን ያለበት እንክብል ግን ከምግብ ጋር ካልሆነ በአግባቡ ወደ ደም አይገባም። ሐኪሙ የእኛን ጾም ስለማያውቅ አይጠይቅም፤ ታካሚው ደግሞ አይናገርም። ለጨጓራ የሚወሰደው ማርከሻ ከዶሉቴግራቪር ጋር አብሮ ከተወሰደ፣ የአይረንና የካልሲየም እንክብልም በባዶ ሆድ አብረውት ከተዋጡ ያዳክሙታል።

ከ2021 ወዲህ መርፌ አለ፤ ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን በየሁለት ወሩ በሁለት መርፌ ይሰጣሉ። አንድ መኝታ ቤት ለሁለት ተከራይቶ ለሚኖር፣ እንክብሉን በካልሲ ውስጥ ለሚደብቅ የታክሲ ነጂ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ አስቀድሞ ይመለስ። የመጀመሪያው ከላይ ያነሣሁት ነው፤ ሪልፒቪሪን የኔቪራፒንና የኢፋቪሬንዝ ወገን ነውና የድሮው ታሪክ ይታወቅ። ሁለተኛው ጉበት ነው። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው። ቴኖፎቪር ሁለቱንም ቫይረስ ይይዛል፤ ስለዚህ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ቴኖፎቪር ከሌለው መርፌ ወይም ዶሉቴግራቪርና ላሚቩዲን ብቻ ካለው እንክብል ላይ ያለ ጥንቃቄ ቢዛወር ጉበቱ ላይ የተኛው ሕመም ሊቀሰቀስ ይችላል። ‹‹የጓደኛዬን መርፌ ስጡኝ›› የሚያስኬድ አይደለም። በ2025 ብዙ የተወራለት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው ሌናካፓቪርም ያን ጊዜ የተፈቀደው ቫይረሱ ለሌለበት ሰው መከላከያ ነው፤ በ2022 ለሕክምና የተፈቀደው ሌላ መድኃኒት ሁሉ ለማይሠራለት ታካሚ፣ ከሌሎች ጋር ተጨምሮ እንዲሰጥ ነበር።

ስለ ክፍያው በአጭሩ፦ የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር አባል የሆነ በማኅበሩ ኢንሹራንስ ይታከማል። ምንም የሌለው ደግሞ በ1990 የወጣው የራያን ዋይት ሕግ አለለት። ራያን ዋይት በሄሞፊሊያ መድኃኒት የተያዘ፣ ከትምህርት ቤት የተባረረ የኢንዲያና ልጅ ነበር፤ በዚያው ዓመት በ18 ዓመቱ ዐረፈ። በስሙ የሚሰጠው እርዳታ የገቢን መጠን ይጠይቃል እንጂ የመኖሪያ ፈቃድን መስፈርት አያደርግም። የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት ሰው ይህን ባለማወቁ መድኃኒት ሲያቆም ከማየት የሚያናድደኝ ነገር የለም። በኔቫዳ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ለይቶ በከባድ ወንጀል ይቀጣ የነበረው ሕግም በ2021 ተሽሯል።

የቃላት ጉዳይ ደግሞ የእኔው የዕለት ትግል ነው። በሕክምና ላይ ያለ ሰው የቫይረሱ መጠን በጣም ሲያንስ እንግሊዝኛው በመሣሪያ የማይደረስበት ይለዋል። እኔ ‹‹አይታይም›› ስል ‹‹ድኛለሁ ማለት ነው?›› ይባላል። ‹‹አለ፣ ግን አይታይም›› ስል ደግሞ ‹‹እንዲህማ ከሆነ ተደብቋል›› ይባላል። አሁን ‹‹መድኃኒቱ አስሮታል፤ እስከታሰረ ድረስ በሩካቤ ወደ ሌላ ሰው አይሻገርም›› ማለትን መርጫለሁ። በ2016ና በ2019 በወጡት የአውሮፓ ጥናቶች፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበትና በመድኃኒት የታሰረለት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶች ለዓመታት ተከታትለው፣ በአንዱም ጥንድ ዘንድ ከታካሚው ወደ ጓደኛው የተሻገረ አልተገኘም። በ2000ዎቹ ‹‹የዕድሜ ማራዘሚያ›› የሚል ስም የተሰጠው መድኃኒት ይኸው ነው። ስሙ የተሰጠው ከሞት ቀጠሮ እንደ ማስተላለፊያ በታየበት ጊዜ ነበር፤ ስሙን ይዞ የወጣ ሰው ዛሬም ትዳርና ልጅ ለእሱ የተዘጋ ይመስለዋል።

ቃሉን የሚናገረው ሰውም ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ‹‹ወገን›› የሚባል የስልክ አገልግሎት ነበር፤ 952 ደውሎ ማንም ስሙን ሳይናገር በአማርኛ የፈለገውን ይጠይቃል። በላስ ቬጋስ አስተርጓሚው በቤተ ክርስቲያን አጠገብህ የቆመ ሰው ሊሆን ይችላል። ሰው እኔን ከበር አይቶ ‹‹እንግሊዝኛ እችላለሁ›› ብሎ ሲመልሰኝ አልቀየምም። ሕጉ በነጻ የሚቀርብለትን አስተርጓሚ በስልክ እንዲሆንለት መጠየቅ ይችላል፤ በስልኩ ማዶ ያለው ሰው ሚኒሶታ ይሁን ቴክሳስ አይታወቅም፣ ስምም አይጠይቅም።

በመጨረሻ ስለ እናቶች። በኢትዮጵያ መድኃኒት የምትወስድ እናት ጡት እንድታጠባ ትመከራለች። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ምክሩ በጥብቅ አታጥቢ ነበር፤ ጡጦ ሲያዩ ‹‹ለምን አላጠባሽም?›› የማይሉ የአራስ ጠያቂዎች ደግሞ በእኛ ዘንድ የሉም። ገንፎ ሊበላ የመጣ ሁሉ መርማሪ ይሆናል። በጥር 2023 የአሜሪካ መመሪያ ተለወጠ፤ ቫይረሱ በመድኃኒት የታሰረላት እናት ማጥባት ብትፈልግ ሐኪሟ ሊያግዛት ይገባል፤ በጡት የመሻገሩ ዕድል ከመቶ አንድ በታች እንጂ ፈጽሞ የሌለ አለመሆኑን አስረድቷት ከእርስዋ ጋር ይወስናል። በ2015 እዚህ ወልዳ ጡቷን አስራ ያለቀሰች እናት ዛሬ ሁለተኛዋን ብታረግዝ ይህን የሚነግራት ላታገኝ ትችላለች፤ የመጀመሪያው መልስ እንደ ጸና ነው የምታስበው፤ ስለዚህም አትጠይቅም።